ዓርብ የሚያርፍ ቆጣሪ

ጎባ ውስጥ መብራት ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ከማለዲን ሱቅ ነው። ሽቦውም፣ ሶኬቱም፣ ቆጣቢ አምፖሉም እዚያ አለ። ምክር ደግሞ በነፃ ነው፤ ባይጠይቁትም ይሰጣል። "ያንን ቢጫ አምፖል አውጥተህ ጣለው፤ ቤትህ ውስጥ ያስቀመጥከው ሌባ ነው" ይላል። ሰዎቹ የተባሉትን ያደርጋሉ፣ ሂሳባቸው ይቀንሳል፣ ተመልሰው ይመርቁታል። እንዲህ ያለ ሰው የገዛ እናቱ ቤት የመብራት ሂሳብ ከቀድሞው ሦስት እጥፍ ሆኖ በየወሩ ስልኩ ላይ ሲመጣበት መጀመሪያ አላመነም፤ ቀጥሎ ተናደደ፤ ከዚያ በኋላ ደንበኞቹ ጆሮ እንዳይገባ ዝም ብሎ መክፈል ጀመረ።

እናቱ እማማ ሸምሲያ የሚኖሩት ሮቤ ነው። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ ሮቤ ገበያ ላይ ክር ሸጠው ልጆች አሳድገው፣ አሁን አርፈው የተቀመጡ ሴት ናቸው። ጓሮ ባለችው ክፍል ወሰንየለሽ የምትባል ነርስ ተከራይታለች። ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ እማማ ሸምሲያ "ወሰኔ" ነው የሚሏት፤ እሷም የቤት ኪራይዋን ከመክፈል በቀር እንደ ተከራይ ሆና አታውቅም።

ይህ ግቢ ከሌላው ግቢ የሚለየው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ለመውሊድና ለአረፋ የሼክ ሁሴንን መቃብር ሊዘይሩ የሚጓዙ ሰዎች፣ ከዶዶላና ከአዳባ ተነስተው ዲንሾን አልፈው ሮቤ ሲደርሱ፣ እማማ ሸምሲያ ዘንድ ያድራሉ። ዛሬ አብዛኛው ሰው በመኪና ነው የሚሄደው፤ እሳቸው ቤት የሚያርፉት ግን ስለት ኖሮባቸው በእግር የሚጓዙት ናቸው። ጫፉ ባላ የሆነ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ትኩስ ነገር ቀምሰው ያድራሉ። የድሮ እንግዳ የሚፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር። የዛሬ እንግዳ ግን ስልኩንም ቻርጅ ማድረግ ይፈልጋል። እማማ ሸምሲያ ለዚህም ዘዴ አላቸው። በረንዳው ላይ ኤክስቴንሽን ይዘረጋሉ፤ ከድሮ ሸቀጣቸው የተረፈ ባለቀለም ክር ያወጣሉ፤ ስልኩ ላይ አረንጓዴ ካሰሩ የባለቤቱ በትር ላይም አረንጓዴ ያስራሉ። እስካሁን የአንዱ ስልክ ለሌላው ተሰጥቶ አያውቅም።

ከማለዲን ጥፋተኛውን ያገኘ የመሰለው እዚህ በረንዳ ላይ ነበር።

በችኮላ አልነበረም። እንዲያውም ተራ በተራ ነው የሄደው። መጀመሪያ ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆናል አለ፤ የመብራት መሥሪያ ቤት ባለሙያ መጥቶ መረመረ፤ ቆጣሪው ምንም አልሆነም። ቀጥሎ አምፖሎቹን በሙሉ ከሱቁ ባመጣቸው ቆጣቢዎች ለወጠ፤ ሂሳቡ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የጠረጠረው ፍሪጁን ነው።

ፍሪጁን ያመጣው ራሱ ነው። ባለፈው ነሐሴ ጎባ ውስጥ አንድ ሆቴል ዕቃውን ሲቀይር በጥሩ ዋጋ አግኝቶ፣ በአይሱዙ ጭኖ፣ የሳሎኑን በር መቃን አስነቅሎ ያስገባው፣ ቁመቱ ከሱ ከራሱ የሚበልጥ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ነው። ጎረቤት መጥቶ አይቷል፤ "ልጅ ይስጥህ ማለት እንዲህ ነው" ተብሏል። ፍሪጅ ሂሳብ ላይ ትንሽ እንደሚጨምር ከማለዲን ያውቃል። ሦስት እጥፍ እንደማያደርስም ያውቃል። ቢሆንም እኔ ያመጣሁት ነው ብሎ ነፃ አላወጣውም፤ መረመረው።

ከጎባ የሚመጣው ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። አንድ ዓርብ ከፍሪጁ በቀር ያለውን ሁሉ ነቃቅሎ ቆጣሪው ፊት ቆመ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ ጥቂት ቆይታ ሞተሩ ሲያርፍ እሷም ታርፋለች። በሚቀጥለው ዓርብም ያው ነበር። በሦስተኛውም። ጤነኛ ፍሪጅ ነው።

እንግዲህ ምን ቀረ? ሂሳቡ መጨመር የጀመረው በመውሊዱ ሰሞን ነው፤ እንግዶቹ መጥተው በሄዱበት ወር። ከዚያም ወዲህ ያልቀነሰው፣ ከማለዲን እንደገመተው፣ እናቱ በጎ ሥራውን አስፍተውት ነው። የባጃጅ ሾፌሩም፣ የሰፈሩ ተማሪም፣ ገበያ የመጣውም ሁሉ በረንዳው ላይ እየሰካ ነው ማለት ነው። አሁን ደግሞ አረፋ ደርሷል።

"እማ፣ ዘንድሮ ይሄ የስልክ ነገር ይቅር" አለ፣ አንድ ዓርብ ምሳውን በልቶ ሲጨርስ።

እማማ ሸምሲያ ትሪውን ሊያነሱ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ተዉት። "ምኑ ይቅር?"

"እንግዶቹ ይደሩ። ስልክ መሰካት ግን የለም። መብራቱ እኮ አልቻልነውም።"

"ውሃ አጠጥቼው፣ አልጋ አንጥፌለት፣ ስልክህን ግን ወዲያ በል ልበለው?"

"እንደሱ አትበይው፤ መብራት የለም በይው።"

"በአረፋ ልዋሽ?"

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ወሰንየለሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ከማል፣ ስልክ ይሄን ያህል ይበላል እንዴ?"

"አንድ ስልክ አይበላም። መቶ ስልክ ይበላል።"

"ከየት የመጣ መቶ? ከመውሊድ ወዲህ እዚህ ሲሰካ ያየሁት የኔንና የቀነኒሳን ነው።" ቀነኒሳ የሰፈሩ ባጃጅ ሾፌር ነው። ወሰንየለሽ የምትቀጥል መስላ ነበር፤ እማማ ሸምሲያ ቀና ብለው ሲያዩዋት ግን ከንፈሯን ነከሰች።

"አንቺ መርፌሽን ውጊ" አላት ከማለዲን። "እኔ ሆስፒታል መጥቼ ቁስል አክሜ አውቃለሁ?"

እማማ ሸምሲያ ከልጃቸው ጋር አልተከራከሩም። ሂሳቡን የሚከፍለው እሱ ነው፤ ያንን ያውቃሉ። እንግዳን ተቀብሎ ግማሹን መከልከል ግን አይሆንላቸውም። ስልካቸውን አንስተው፣ በየዓመቱ መንገደኞቹን እየመሩ ለሚመጡት ለዶዶላው ሽማግሌ ለኦቦ ሱሌይማን ደወሉ። በኦሮምኛ፣ በአጭሩ፣ ዘንድሮ ቤታቸው እንደማይመች ነገሯቸው። ከወዲያ በኩል ብዙ ጥያቄ አልመጣም። "እሺ፣ ሸምሲያ። አላህ ያግራልሽ። ሮቤን እንዲሁ እናልፋታለን" ብቻ ነበር የተባለው።

ያን ቀን እናቱ እስከ ግቢው በር አልሸኙትም። ከማለዲን ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ጎባ እስኪደርስ ያሰበው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ነገሩ ያልፋል አለ። እሑድ አላለፈም። ሰኞ አንድ ደንበኛ ስለ መብራት ሂሳብ ሊያማክረው መጥቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አልወጣ አለው። ፍርዱ ልክ ከሆነ ልክነቱን በዓይኑ ማየት ፈለገ፤ በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ስልኮች አንድ በአንድ ማየት። ዓርብ ሲመጣ ሊደብቁበት ይችላሉ። ስለዚህ ማክሰኞ ሱቁን ለሠራተኛው ትቶ፣ ለማንም ሳይናገር ሮቤ ገባ።

መናኸሪያው በር ላይ ያገኘው ባጃጅ የቀነኒሳ ነበር።

"አካም ጂርተ፣ ከማል? ዛሬ ዓርብ ነው እንዴ?"

"ማክሰኞ ነው።"

"ማክሰኞማ አትመጣም ነበር።"

"ዛሬ መጣሁ። ንዳ።"

ቀነኒሳ ነዳ። የእማማ ሸምሲያ መንደር መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን ጡሩንባውን ይዞ አልለቅም አለ።

"ለማን ነው የምታጮኸው?"

"ፍየል ናት።"

"የታለች ፍየሏ?"

"ሄደች።" ጥቂት ነድቶ ደግሞ አጮኸ። "ሌላ ፍየል።"

ከማለዲን ወርዶ ግቢውን ከፈተ። በረንዳው ባዶ ነው። ኤክስቴንሽኑ ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አንድም ስልክ የለም። ግራ እየገባው ወደ ቆጣሪው ሄደ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። እስክታርፍ ጠበቀ። አላረፈችም። አንድ እግሩን አሳርፎ በሌላው ቆመ፤ እግር ለወጠ፤ አሁንም አላረፈችም። ዓርብ ዓርብ ያየው ቆጣሪ ይህ አይደለም።

ሳሎን ገባ። ፍሪጁ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። የታችኛው በሩ ገርበብ ብሏል፤ እንዳይዘጋ መሀሉ ላይ የእንጨት ማማሰያ ተሰክቷል። እማማ ሸምሲያ ጋቢ ተከናንበው አጠገቡ ከዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ እጃቸው ማማሰያውን ሊያወጣ ተዘርግቶ ነበር፤ አልደረሱበትም።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው" አሉ፤ ሰላም ከማለታቸው በፊት።

"እማ፣ በሩ ለምንድን ነው የተከፈተው?"

"የቱ በር?"

ከማለዲን ማማሰያውን አየ። እናቱም አዩት። ሌላ በር አልነበረም።

"ማሩ ይደርቅብኛል" አሉ በመጨረሻ። "ያ ከሐረና ጫካ ያመጣህልኝ ማር ድንጋይ ሆነ። ቅቤው በቢላ አልቆረጥ አለኝ። ቲማቲሙን እንደ ብይ ብትጫወትበት አይሰበርም። እኔ ጥርሴ ስንት ነው?"

"ታዲያ ከሶኬቱ መንቀል ነበራ።"

"ነቅዬው ነበር እኮ፤ የመጣ ሰሞን። ዓርብ መጣህ፣ እጅህን አስገባህ፣ 'ምነው ሞቀ?' ብለህ ፊትህ ጥቁር አለ። ምሳህንም አልበላህ። መካኒክ ልጥራ አልክ። ሰው አሸክመህ፣ በር አስፈርሰህ ያመጣኸውን ዕቃ አልፈልግም ልበልህ?" ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ብዘጋው ማሩ ይደርቃል፤ ብነቅለው አንተ ታዝናለህ። ገርበብ ሳደርገው ግን ለሁላችሁም ተስማማ።"

"ዓርብስ?"

"ሐሙስ ማታ ማማሰያውን አወጣለሁ። አንተ እስክትመጣ ጥሩ አድርጎ ይበርዳል።"

ከማለዲን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በሮቤ ብርድ፣ በሩ ክፍት የሆነ የሆቴል ፍሪጅ ሌት ተቀን ማሩን እንዳያቀዘቅዝ እየተከለከለ ሊያቀዘቅዝ ሲታገል ዘጠኝ ወር ሙሉ። እሱ ደግሞ በየዓርቡ ከቆጣሪው ፊት ቆሞ ጤነኛ ነው ሲል።

ወሰንየለሽ ከሥራ ተመልሳ ነጭ ጋውኗን በክንዷ ይዛ ገባች። ማማሰያውን አየች፣ እሱን አየች። "ደረሰበት?" አለች።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"እኔ የሰው ምስጢር አላወጣም። ሙያዬ ነው።"

"ገንዘቤ ሲቃጠል ዝም ብለሽ አየሽ?"

"ይሄ እንደሚበላማ አላወቅንም። እሳቸው በር ሲከፈት ያርፋል ነው ያሉኝ። አምፖሉን ሁሉ ቀያይረህ፣ ስልክ ስልክ ስትል፣ የመብራት ሰው ነህ ብለን አመንንህ።"

ከማለዲን መልስ ሊሰጣት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ኋላ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። እናቱ በጎሪጥ እያዩት ቆዩና የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ተነስቶ ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቀለው። ሳሎኑ ጭር አለ። መንገድ ላይ የሚያልፍ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ተሰማ፤ ለካ ከዚህ ቤት ሆኖ መንገዱ ይሰማ ኖሯል።

ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋበት።

"ለኦቦ ሱሌይማን ደውይላቸው፤ ይምጡ በያቸው።"

"ያኔውኑ ማታ መልሼ ልደውል ብዬ ነበር፤ አፍሬ ተውኩት። ዛሬ ጠዋት ደወልኩ፤ ዝግ ነው" አሉ እማማ ሸምሲያ። "መንገድ ላይ ናቸው። የት አግኝተው ቻርጅ ያድርጉት? ዛሬ ዲንሾ ያድራሉ፤ ኦቦ ሱሌይማን ቀናቸውን አያዛንፉም። ነገ እዚህ ደጅ በኩል አልፈው ይሄዳሉ። አልፈው ሲሄዱ እንዴት ብዬ እንደማይ ነው የጨነቀኝ።"

ከማለዲን ያን ማታ ወደ ጎባ አልተመለሰም። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ዲንሾ ሄደ።

ካፊያ ነበር፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። መንገደኞቹን ያገኛቸው ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር አህያቸውን ሲጭኑ ነው። ኦቦ ሱሌይማን ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ሌሊቱ፣ ብርዱ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሁሉ ተጠየቀ። ከዚያ ከማለዲን ዛሬ እናቱ ቤት እንዲያድሩ ለመናቸው።

"እናትህ አይመችም ብላለች፣ ኢልመኮ፣ ልጄ። ሸምሲያ አይመችም ካለች ምክንያት አላት። እኛ ሰው አናጨናንቅም።"

"አሁን ተመችቷል።"

"በአምስት ቀን ምን ተመቸ?"

"ስህተት ነበር፤ ተስተካክሏል።"

"የማን ስህተት?"

ሰዎቹ ጭነቱን ትተው ዙሪያውን ከበቡ። ከማለዲን መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። ጎባ ውስጥ ስለ መብራት ሰው የሚያማክረው እሱን ነው። ዝም ብሎ "የኔ ነው" ቢልና ቢያልፍ በወደደ። ሽማግሌው ግን ባላውን በትር አገጫቸው ሥር አስደግፈው፣ ረጅም ነገር ለመስማት የተመቻቸ ሰው መስለው ይጠብቃሉ። እንዲህ ለሚጠብቅ ሰው ግማሹን መናገር አይቻልም። ነገራቸው፤ ሂሳቡን፣ ስልኮቹን፣ ፍሪጁን፣ ማማሰያውን፣ ዓርቡን።

ሲጨርስ ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ኦቦ ሱሌይማን ወደ ጉሙ፣ ከዚያ በጤዛ ነጭ ወደሆነው ሣር፣ ከዚያ ወደ እሱ ተመለከቱ።

"ፍሪጅ" አሉ። "ለባሌ አገር።"

"አዎ።"

"ማሩስ?"

"ደረቀ።"

"የሐረና ማር?"

"የሐረና።"

"አስተግፊሩላህ" አሉ ሽማግሌው፤ በእውነት ያዘኑት አሁን ነበር። ከኋላ አንዲት የአዳባ ሴት ሻሿን አፏ ላይ ጠቅጥቃ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ከዚያ ማንም ራሱን አልያዘም፤ አህያዋ እንኳ ደንግጣ ሁለት እርምጃ ሄደች።

"እንመጣለን" አሉ ኦቦ ሱሌይማን ዓይናቸውን እየጠረጉ። "አንተም አብረኸን ና።"

"እኔ በሚኒባስ ቀድሜ ሄጄ ላዘጋጅ እንጂ።"

"እናትህ እንግዳ ማዘጋጀት ታውቃለች። 'እነሱ አይመጡም' ያልከውም 'እነሱ ይመጣሉ' የምትለውም አንተ ብቻ ከሆንክ ግራ ይገባታል። ከመሀላችን ሆነህ ስታይህ ይገባታል።"

ከማለዲን የሱቅ ጫማውን አየ። የተወለወለ፣ ጫፉ የሾለ ጫማ ነው። "መንገዱ እኮ..." አለና፣ ከሚያዳምጡት ውስጥ የራሱ እኩያ የሆኑ ሴቶች ሕፃን አዝለው መቆማቸውን አይቶ ቃሉን አልጨረሰም።

ሄደ። ጠዋቱን ደህና ተራመደ። ረፋድ ላይ ተረከዙ አቃጠለው። ከጫማው ይልቅ ያቃጠለው ግን ሌላ ነው፤ ኦቦ ሱሌይማን ላገኙት ሰው ሁሉ ታሪኩን ይነግራሉ። ገብስ ማሳ ውስጥ የሚያርሙ ሰዎች "ከየት ወዴት?" ካሉ፣ መንገዱንም ፍሪጁንም ይሰማሉ። አንዱ አራሚ ከማለዲንን ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ "እኔም ብርድ እሸጥልሃለሁ፤ ጆንያ ይዘህ ና" አለው። ከሮቤ የሚመጡ ሚኒባሶች ሲያልፉ ደንበኞቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያዩታል። መጀመሪያ ፊቱን ያዞር ነበር። ከቀትር በኋላ ግን፣ ሽማግሌው አንድ ቦታ ላይ ማማሰያውን ረስተው ሊያልፉ ሲሉ፣ ከማለዲን ራሱ "ማማሰያውን አልነገሯቸውም" ብሎ አስታወሳቸው።

ከተማው ዳር ላይ ቀነኒሳ ባጃጁን አዙሮ ጠበቃቸው። የከማለዲንን አረማመድ አየና ከወንበሩ ላይ ተጠጋለት። "ና ግባ። ከፍየሏ ጋር በነፃ ነው።"

ከማለዲን ወንበሩን አየ። ኦቦ ሱሌይማንን አየ። ሽማግሌው ሰማዩን እያዩ ነበር፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ የሚያጣሩ ይመስላሉ።

"አይ፣ ልጨርሰው" አለ። "አንተ ቀድመህ ንገራት።"

እማማ ሸምሲያ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አዲስ ሻሽ አስረዋል። ወሰንየለሽ ከኋላቸው ትልቅ ማሰሮ ሙቅ ውሃ ይዛለች፤ አጎዛውና ፍራሹ ከወዲሁ ተነጥፏል፤ በረንዳው ላይ ኤክስቴንሽኑ ተዘርግቶ ባለቀለም ክሩ በሰፌድ ተቀምጧል። እማማ ሸምሲያ ኦቦ ሱሌይማንን እጅ ነሱ፤ ሴቶቹን አንድ በአንድ አቅፈው ሳሙ፤ ያዘሏቸውን ሕፃናት ስም ጠየቁ፤ የማን ጉልበት እንደሚያመው፣ የማን ልጅ እንዳገባ ከመውሊዱ ያቆሙበት ላይ ቀጠሉ። ከማለዲን ጭቃ እስከ ጉልበቱ ደርሶ፣ እያነከሰ፣ ከአህያዋ ጎን ቆሞ ጠበቀ። እናቱ በመጨረሻ ደረሱበት። ፊቱን አዩ፤ ከዚያ ጫማውን።

"እማ..." ብሎ ጀመረ፤ ሙሉ መንገዱን ሲያዘጋጀው የመጣ ንግግር ነበር።

"ተሰለፍ" አሉት፤ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ሳይሞክሩ። "ውሃው በተራ ነው።"

ከማለዲን ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና ከአዳባዋ ሴት ኋላ ተሰለፈ።